መቅኒና መቅኖ

የኔታ ኪዳነ ማርያም አርባ ዓመት ቅኔ ሲያስተምሩ ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ተግሣጽ ነበረቻቸው፤ «ፊደል አትናቅ፤ አንዲቷ ስትዛነፍ ቤት ይፈርሳል» ይሉ ነበር። እሳቸው የሚሉት የቅኔውን ቤት ነው። የገዛ ቤታቸውን አንዲት ፊደል ስታምሰው ግን ከተማሪዎቻቸው ማንም አጠገባቸው አልነበረም። እሱም ደግ ነው፤ መምህር ደቀ መዝሙር ፊት ሲደነግጥ አያምርበትም።

ኅዳር የገባ ሰሞን ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዙ ገሚሱ ታጭዷል፣ ገሚሱ ገና ቆሟል፤ ሰው ሁሉ የሚውለው ከማሳ ነው። ባለቤታቸው አመተ ሥላሴ ልጃቸውን ዓለምብርሃንን ይዛ ከጎንደር ሆስፒታል ተመለሰች። ወረታ ላይ ከሚኒባስ ወርደው በባጃጅ እስከ ደጃፍ መጡ። የኔታ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው አዩ። ልጅቱ እናቷን ተደግፋ፣ ከባጃጁ እስከ በሩ ያለችውን አሥር እርምጃ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። ከጭምብሉ በላይ የሚታየው ፊቷ ጧፍ መስሏል።

አመተ ሥላሴ ልጅቱን አስተኝታ፣ የእልፍኙን በር ዘግታ ወጣች።

«ምን አሉ?» አሏት የኔታ።

ይቺ ጥያቄ ቀላል እንዳትመስላችሁ። የኔታ ስለ ልጃቸው አንድ ቃል ካወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ለብቻዋ ከተከራየችው ቤት እናቷ ወደዚህ ስታመጣት እንኳ፣ ዳዊታቸውን ገልጠው ዝም ነው ያሉት።

«መቅኒዋ ነው አሉ» አለች አመተ ሥላሴ። «መቅኒዋ ሥራ አቁሟል።»

የኔታ ጆሯቸው ደህና ነው፤ የቅዳሴ ተሰጥኦ ሲዛነፍ ከቅጽር ውጪ ሆነው ይለያሉ። ነገር ግን ሰው የሚሰማው የሚፈራውን ነው።

«መቅኖዋ?» አሉ።

«ኧረ መቅኒዋ! ካጥንት ውስጥ ያለው። ምነው የኔታ፣ የቃል ሊቅ ሆነው!»

መቅኒ ከአጥንት ውስጥ ያለ ነው፤ የበሬ ቅልጥም ሲሰበር የሚመጠጠው። መቅኖ ግን በዓይን አይታይም። ሰው ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ጎተራው ካልሞላ፣ ያገኘው ሁሉ እንደ ጉም ከበነነበት፣ «መቅኖ የለውም» ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት ያቺ የመጨረሻዋ ፊደል ናት። የኔታ ደግሞ ያቺን «ኖ» በደንብ ያውቋታል፤ ከራሳቸው አፍ ነው የወጣችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለምብርሃንን በሃያ ሁለት ዓመቷ የወዳጃቸው ልጅ ለሆነው ለዲያቆን ደስታው በቁርባን ዳሯት። ደስታው ድምፀ መልካም፣ ዜማው የሰመረ ልጅ ነበር፤ በዓመቱ ቀሰሰ። እጁ ግን ከድምፁ ጋር አይስማማም። ዓለምብርሃን ሁለት ጊዜ ዓይኗ አብጦ ወደ አባቷ ቤት መጣች። የቄስ ሚስት እንደ ሌላው ሴት ጥላ አትሄድም፤ እሷ ከሄደች እሱ ሌላ ማግባት አይችልም፣ ካገባም ክህነቱ ይፈርሳል። የኔታ ሁለቱንም ጊዜ በሽማግሌ መለሷት። በሦስተኛው ጊዜ ወደ አባቷ አልመጣችም። ወረታ ገብታ ከአንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሩዝ እያበጠረችና እየለቀመች መኖር ጀመረች። ደስታው ሌላ አገባ፤ ከመቅደስም ወጣ። አገሩ ሁሉ «የየኔታ ልጅ ቄስ አፈረሰች» አለ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በኅዳር ሚካኤል፣ ንግሥ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ዓለምብርሃን የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። የኔታ ጉልበታቸውን ሰበሰቡና «መቅኖ አይስጥሽ!» አሏት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷ ቀና አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ።

እንግዲህ ሐኪም «መቅኒዋ» ሲል የኔታ ሌላ ምን ይስሙ?

አመተ ሥላሴ የተነገራትን ሁሉ አንድ በአንድ ደገመችላቸው። ያስረዳቻት ነርስ ሲስተር ንግሥቲ የደንቢያ ገበሬ ልጅ ናት፤ ነገር የምታስረዳው በእርሻ ነው። ለካንሰሩ የሚሰጠው መድኃኒት እንደ አረም መድኃኒት ነው ብላለች፤ አረሙን ሲያደርቅ ሩዙንም ያጠወልገዋል። ደም የሚሠራው መቅኒ ነው፤ እሱ ሲጠወልግ ደሙ ሁሉ ያንሳል። ቀዩ ደም ሲያንስ ሰው ይደክማል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ደም የሚያረጋው ሲያንስ ድድ ይደማል፣ ትንሽ የነኩት ገላ ይበልዛል።

«የሚያስፈራው ግን ነጩ ደም ነው አለችኝ» አለች አመተ ሥላሴ። «ነጩ ደም የሰብል ጠባቂ ነው። አሁን ጠባቂው ከማማው ወርዷል። ተመልሶ እስኪወጣ አሥር ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ወፍ እንዳታስገቡባት አለች።»

«ወፉ ምንድን ነው?»

«ሰው ነዋ! የጠያቂ ሳል፣ የጠያቂ እጅ፣ የጠያቂ ስሞሽ። ጥሬ ወተትም፣ ያልፈላ ውኃም። ትኩሳት ከያዛት በያዛት ሰዓት ይዛችኋት ኑ ብለዋል። ነጭ ደሟ ወደ ስድስት መቶ ወርዷል፤ የጤነኛ ከአራት ሺህ አይወርድም አሉ።»

«ይመለሳል ታዲያ?»

«ይመለሳል አሉ። ሩዙስ ጠውልጎ ይመለስ የለ?»

መድኃኒት ያደረቀውስ ይመለስ ይሆናል፤ አባት ያደረቀው በምን ይመለሳል? ይህን የኔታ በልባቸው ነው ያሉት።

በማግስቱ አመተ ሥላሴ ባሏን ከአጥሩ በር ላይ በርጩማ ሰጥታ አስቀመጠቻቸው። እሷ ከውስጥ፣ እሳቸው ከውጪ ሊጠብቁ ነው። «ሰው እኔን አይሰማም፤ እርስዎን ግን ያፍራል» አለች።

በዚያ አገር ጠያቂ መመለስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የታመመ ያልጠየቀ ክርስቲያን አይባልም፤ የታመመ ያላስጠየቀማ ስምም አልወጣለት። መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታቸው ገላነሽ ናት፤ እርጎ በቅል ይዛለች።

«እንደምን አደሩ የኔታ። ዓለሜን ሳም አድርጌያት ልሂድ ብዬ።»

«አይቻልም።»

«ተኝታ ነው?»

«ነቅታለች።»

«ታዲያ?»

የኔታ ቃል ፈለጉ። ለመወድስ ቃል አጥተው የማያውቁ ሰው ለገላነሽ ቃል አጡ። «መቅኒዋን አሟታል» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ከገባባት አይበጃትም።»

ገላነሽ ቅሉን አቅፋ አፏን ያዘች። «መቅኖዋን?»

«ኒ! መቅኒ! ኒ በይ!»

«ኧረ እግዚኦ» ብላ ሄደች። ገላነሽ ደግ ሴት ናት፤ ወሬ ግን ከሆዷ አያድርም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ፣ ሩዝ የሚወቃበት አውድማ ሁሉ «የየኔታን ልጅ ሐኪም እንኳ መቅኖ የላትም ብሎ ፈረደባት» ይል ጀመር። ከቀትር በኋላ የመጡት ጠያቂዎች ልጅቱን ትተው እሳቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲቱ ባልቴትማ፣ «ንግሥ ላይ ያሏት ደረሰባት አይደል?» ብላ በግልጽ ተናገረች። ክፋት የላትም፤ ያሰበችውን ነው ያለችው።

በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ የኔታ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ለአመተ ሥላሴ «ጣራ ገዳም ደርሼ እመጣለሁ» ብቻ አሏት። ይፋግን አልፈው አዲስ ዘመን ላይ ከመኪና ወረዱ፤ ዳገቱን በእግራቸው ወጡ። እዚያ አባ ተክለ ማርያም የሚባሉ የልጅነት ባልንጀራቸው አሉ። የኔታ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ተናዘዙ፤ ልጅቱን መዳራቸውን፣ ንግሡን፣ ያቺን ቃል። ነርሷ ያለችውን ግን አልነገሯቸውም። ረሱት አልልም።

«አባት ያሰረውን አባት ይፈታዋል» አሉ አባ ተክለ ማርያም። «ይሂዱ፤ እጅዎን ከራሷ ላይ ጭነው፣ እንትፍ እንትፍ ብለው ይመርቋት።»

ሌላ ምን ይበሉ? የአባት ምርቃት እንዲሁ ነው። እጁ ካልነካ፣ ምራቁ ጠብ ካላለ፣ መረቀ አይባልም።

ያን ሌሊት ከእንግዳ ማደሪያው፣ ከሚያስሉ ተሳላሚዎች መካከል አደሩ። በማግስቱም ለመሄድ ቢነሡ የጉልበታቸው ነገር አልሆን ብሎ አንድ ቀን ዋሉ። በስድስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ደረታቸው ይንኳኳል፤ ሐሙሲት ድረስ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሁሉ መስኮት እስኪከፍት ሳሉ።

ቤት ሲደርሱ አመተ ሥላሴ ከአውድማ ወርዳለች፤ ሩዛቸው የሚሰፈርበት ዕለት ነበር። ከእልፍኙ በር ላይ ማንም የለም። በሩም ገርበብ ብሏል። የኔታ ገፋ አድርገው አንድ እግራቸውን ከደፉ ላይ አኖሩ።

ዓለምብርሃን ከአልጋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ፀጉሯ ረግፎ ሻሽ አስራለች፤ ጭምብሏም ከፊቷ አልወረደም። መርፌ የነካው ክንዷ ሁሉ በልዟል።

«አባባ፣ ከዚያው ይቁሙ» አለች።

ሦስት ዓመት ያልሰሙት ድምፅ ነው። ቆሙ።

«ልመርቅሽ ነው የመጣሁ» አሉ። ሳሉ ያዛቸው፤ በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን አፍነው ሳሉና ቀጠሉ። «ያን ቀን መቅኖ አይስጥሽ ብዬሽ ነበር።»

«ሰምቻለሁ። ከጉልበትዎ ሥር ነበርሁ'ኮ።»

«እሱ ነው ያደረቀሽ። የኔ አፍ ነው። አባ ተክለ ማርያም ዘንድ ሄጄ ተናዘዝሁ። እጄን ጭኜ እንትፍ ካላልሁብሽ አትፈችም።»

«በዚህ ሳል እንትፍ ካሉብኝ ደግሞ…» አለች፤ አልጨረሰችውም።

የኔታ ከደፉ ላይ ቀሩ። ወደ ፊት ቢሉ የሐኪም ቃል አለ፣ ወደ ኋላ ቢሉ የራሳቸው ቃል አለ። ሁለቱም ልጃቸውን የሚገድል መሰላቸው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ርግማኑም ምርቃቱም ባይኖር፣ እንዲሁ ሊዳስሷት ፈለጉ። ልጃቸው ናት።

ዓለምብርሃን ልጅ ሳለች ከተማሪዎቹ ጎጆ ጀርባ ጥጥ እየፈተለች፣ አባቷ የሚያስተምሩትን ሁሉ ትሰማ ነበር። ማንም ተማሪ ብሎ የቆጠራት የለም እንጂ፣ ሰምታ የቀረባት የለም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች።

«ጠይቂ።»

«ሲረግሙኝ ተፍተውብኝ ነበር?»

«ኧረ ለምን ብዬ!»

«እጅዎንስ ጭነውብኝ ነበር?»

«አልጫንሁም።»

«በምን አሰሩኝ ታዲያ?»

«በቃል።»

«እንግዲያ በቃል ይፍቱኛ! በቃል የታሰረ ያለ ምራቅ አይፈታም የሚል ከየትኛው መጽሐፍ ነው ያገኙት?»

አርባ ዓመት ሊቅ ነኝ ባይን ሁሉ ሲያፋጥጡ የኖሩ ሰውዬ በአንዲት ሩዝ ለቃሚ ተረቱ። እግራቸውን ከደፉ ላይ አነሡ። ሦስት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሄደው፣ አፋቸውን እንደሸፈኑ ቆሙ።

«ፈትቼሻለሁ» አሉ። «መቅኖ ይስጥሽ።»

«መቅኒም» አለች።

«መቅኒም ይስጥሽ። ሁለቱንም ይስጥሽ።»

«አሜን።»

መሄድ ይችሉ ነበር፤ የመጡበት ተፈጽሟል። እግራቸው ግን እንቢ አለ።

«ሁለት ጊዜ መጣሽብኝ» አሉ። «ዓይንሽ አብጦ። ሁለት ጊዜ መለስሁሽ።»

ዓለምብርሃን የበለዘ ክንዷን ወደ ነጠላዋ ሰበሰበች።

«ርግማኑማ ያንድ ቀን ቃል ነው፤ ፈታሁት። ያንንስ በምን ልፍታው?»

ጭምብሉ ገባ ወጣ ሲል ትንፋሿ ይታያል።

«እሱ በቃል አይፈታም አባባ» አለች። «ከበሩ ይቀመጡልኝ። ያን ጊዜ ያልጠበቁኝን አሁን ይጠብቁኝ።»

ከዚያ ወዲያ እንደ የኔታ ያለ ጠባቂ ፎገራ አላየም። ሳላቸው እስኪለቃቸው ማደሪያቸውን ከተማሪዎቹ ጎጆ አደረጉ፤ በርጩማቸውን ከእልፍኙ አርቀው፣ ከአጥሩ በር አጥብቀው ተከሉ። የደብሩ አለቃ መጥተው ተመለሱ። የክርስትና እናቷ ከይፋግ ድረስ መጥታ፣ ከአጥር ውጪ ቆማ፣ በጩኸት ጠይቃ ሄደች። እርጎ ያመጣ እርጎውን ይዞ ተመለሰ። ተቆጥቶ የሄደም አለ፤ የኔታ ግድ አልሰጣቸውም። «መቅኖዋ እንዴት ሆነ?» ያለውን ሁሉ ቆመው ያርሙታል፤ «ኒ! መቅኒ! ደም የሚሠራው! የኔን ኃጢአት በሐኪም አታሳብ!» ይላሉ። ሰው ይሳቅ አይሳቅ አያውቅም። ገላነሽ እንኳ በመጨረሻ ቃሏን አቅንታ፣ ሌላውን ታርም ጀመር።

ጧት ጧት አመተ ሥላሴ ልጅቱ የተጉመጠመጠችበትን ውኃ ልትደፋ ስትወጣ፣ ከሩቅ «ደም አለበት?» ብለው ይጠይቋታል። «አለበት» ትላለች። በስምንተኛው ቀን ሳሉ ለቀቃቸው። በዘጠነኛው ቀን አመተ ሥላሴ ውኃውን ለፀሐይ አሳይታ፣ «የለበትም!» አለች። የኔታ ወደ ምሥራቅ ዞረው ሰገዱ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሦስቱም ጎንደር ሄዱ። ደም ተቀድቶ ውጤቱ እስኪመጣ የኔታ ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ተቀምጠው፣ በልባቸው ውዳሴ ማርያም እየደገሙ፣ ከየት እንደደረሱ እየጠፋባቸው እንደገና ይጀምራሉ። ሲስተር ንግሥቲ ወረቀቱን ይዛ መጣች።

«ሦስት ሺህ ሁለት መቶ! ጠባቂው ወደ ማማው እየወጣ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደስ ይበላችሁ፤ ግን አላለቀም። መድኃኒቱ ገና አራት ዙር ይቀረዋል። በየዙሩ ጠባቂው መውረዱ አይቀርም።»

«እኔ አልወርድም» አሉ የኔታ።

ንግሥቲ ነገሩ አልገባትም፤ ዓለምብርሃን ግን ዞር ብላ አየቻቸው።

ከግቢው ጥግ፣ ሰው የማይበዛበት የዛፍ ጥላ ነበር። ዓለምብርሃን እዚያ ስትደርስ ጭምብሏን አወለቀች። የኔታ ከሦስት ዓመት በኋላ ሙሉ ፊቷን አዩት። ከስቷል፤ ግን ከከንፈሯ ላይ ትንሽ ደም መለስ ብሏል። ከፊታቸው በጉልበቷ ተንበረከከች።

«ይበሉ እንግዲህ» አለች። «ቃሉን ሰጥተውኛል፤ ምራቁ ቀርቶብኛል።»

የኔታ እጃቸውን ከሻሹ ላይ ጫኑ። ከሥሩ ያለው ራስ ልጅ ሳለች እንደነበረው ሙቅና ትንሽ ነው። ሊመርቁ አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር ተጣብቋል። ከዓይናቸው እንባው ይወርዳል፣ አፍንጫቸውም ይፈስሳል፤ አፋቸው ግን እንደ ኩበት ደርቋል። አንዴ ሞከሩ። ደገሙ።

«ዓለሜ… ምራቅ አጣሁ» አሉ።

ዓለምብርሃን ራሷን ከእጃቸው ሥር አላወጣችም።

«አይቸኩሉ አባባ» አለች። «እጠብቅዎታለሁ።»